ሁሉም ወደ ምሥራቅ ሄዱ

ካርቱም፣ ዐማራት
ኅዳር 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ጥጋቡ፤ አይከል

የቺልጋ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? የጉልበትዎ ሕመም ሻል አለልዎት ወይ? ይህ ወረቀት ከእጅዎ ሲገባ መነጽርዎን ጠርገው፣ እማዬን አጠገብዎ አስቀምጠው፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው እንደሚያነቡላት አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ለእሷ፦ እማዬ፣ ጉልበትሽን ስሜያለሁ። ይስማውም ስሟል።

እኔ ደህና ነኝ። ይስማውም ደህና ነው። ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ራሱ ሊጽፍ ነበር፤ «አንቺ ስትጽፊ እኔንም ጨምሪኝ» አለኝ። ስልክ ለምን አትደውሉም ያላችሁት እውነት ነው፤ ግን መስመሩ እየተቆራረጠ እማዬን ማስለቀስ ብቻ ነው ትርፉ። ወረቀቱን የምታደርስልዎ እትዬ ለምለም የደንቢያ ሰው ናት፤ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ሱቅ አላት፣ ለዕቃ በመተማ በኩል ትመላለሳለች። መልስዎን ለእሷው ይስጧት።

ካፉሪ ሰፈር ተቀጥሬ የነበርኩበትን ቤት ትቻለሁ። አሁን ያለሁት ዐማራት ዶክቶራ አሚና የሚባሉ አሮጊት ቤት ነው። ሐኪም አይደሉም፤ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ባልም ልጅም የላቸውም። ሌላው ሰው እንግዳ በሚቀበልበት ክፍል እሳቸው እርጥብ አሸዋ የሞላባቸው ሳጥኖች ደርድረዋል። በሳጥኖቹ ውስጥ የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ፣ አሸዋ የሚመስሉ ነፍሳት አሉ። በአረብኛ የባሕር ቁንጫ ይሏቸዋል። ከቀይ ባሕር ዳር፣ ከሰዋኪን ወዲያ ካለ ባዶ ዳርቻ የመጡ ናቸው።

ቀን ቀን እርጥቡ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ይውላሉ፤ ሲመሽ ወጥተው ማዕበል የተፋውን የበሰበሰ ሣር ይበላሉ። ወደ ደረቁ ቢርቁ ፀሐይ ታደርቃቸዋለች፤ ወደ ውኃው ቢገቡ ማዕበል ይወስዳቸዋል። ኑሯቸው በሁለቱ መካከል ባለች አንዲት ቀጭን እርጥብ መስመር ላይ ነው። ከመሬት ስንዝር ከፍ ብለው ማየት የማይችሉ ነፍሳት መስመሯን እንዴት እንደሚያገኟት፣ ዶክቶራ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ይስማውን የቀጠሩት ለዚሁ ሥራ ነው። ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ሲሚንቶ ሲያወርድ ጀርባው ተልጦ ሳየው አንጀቴ አልቻለም፤ «ወንድም አለኝ፣ እጁ ገር ነው፣ ጽሕፈትም ያውቃል» ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከዶክቶራ ጋር ቀይ ባሕር ዳር ወርዶ ነፍሳቱን ይሰበስባል፤ ወዴት እንደዘለሉ፣ ነፋሱ እንዴት እንደነበር በየቀኑ በደብተር ይጽፋል። እሱ በአማርኛ ይጽፋል፣ እኔ ለዶክቶራ በአረብኛ እነግራቸዋለሁ።

በሉ ሰላም ይክረሙ።
ልጅዎ ትርንጎ


አይከል
ታኅሣሥ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለትርንጎ፤

ወረቀትሽ ትናንት በገብርኤል ዕለት ደረሰ። አንብቤ ስጨርስ እናትሽ «ድገመው» አለች፤ ደገምኩት። ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፦ «የአረብ ቤት ጨው ይበዛል ይላሉ፣ ተጠንቀቂ በላት። ነቢያትን ጾመሻል ወይ በላት። ይስማው ጫማውን በር ላይ ነው የሚጥለው፣ የሰው ቤት ነውና ይሰብስብ በላት።» ቀጥላ ደግሞ ሳቅ ብላ፣ «ይስማው ጉልበቴን ሳመ? መቼ ጉልበት ስሞ ያውቃል፤ አንገቴ ላይ ነው የሚጠመጠመው» አለች። ሳሏ ጠንከር ብሏል። ይህን አትጻፍ ብላኝ ነበር፤ ጻፍኩት።

የነፍሳቱ ነገር ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳይንስ ያስተማረን ሰው እንዴት እንደነቀነቀው አትጠይቂኝ። ዶክቶራሽን ሁለት ነገር ጠይቂልኝ። በፀሐይ የሚመሩ ከሆነ፣ ፀሐይ ጠዋት በምሥራቅ ማታ በምዕራብ ናት፤ እንዴት አትሸውዳቸውም? ደመና ሲሆንስ ምን ያደርጋሉ?

ይስማው ፊደል የቆጠረው እኔ ዘንድ ነው። ለእኔ አንድ ቃል መጻፍ ይከብደዋል? ካልሆነ ፎቶውን ላኪ፤ እናትሽ ከስቶ እንደሆነ ማየት ትፈልጋለች።

አጎትሽ ጥጋቡ


ካርቱም፣ ዐማራት
የካቲት 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ጥጋቡ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? የእማዬ ሳልስ? ሐኪም ቤት ይውሰዷት፤ እሺ አትልም፣ ግን እርስዎ ካሉ እሺ ትላለች።

ነቢያትን ጾሜያለሁ ይበሏት። ጫማውንም ነግሬዋለሁ። ፎቶው ግን አልሆነም፤ ስልኩ ተሰብሮበታል፣ እሱም አሁን ባሕር ዳር ነው። ሲመጣ ኢንሻላህ እንነሣለን።

ጥያቄዎን ሳነብላቸው ዶክቶራ ሳቁ፤ «አጎትሽ ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ!» አሉ። «ያላ» ብለው ይዘውኝ ጣሪያው ላይ ወጣን። ጠርዝ ያለው ክብ ነጭ ሰፊ ሳህን አለ፤ ደረቅ ነው። ከነፍሳቱ አሥሩን መሐሉ ላይ ደፉ። ደረቅ ሲነካቸው ወደ እርጥቡ ይሸሻሉና፣ ጥቂት ዞር ዞር ብለው ሁሉም ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በኩል ዘለሉ። በሰዋኪን በኩል ባሕሩ በምሥራቅ ነው። እዚህ ግን ባሕሩ በባስ ሙሉ ቀን ተሂዶ የሚደረስበት ነው። እነሱ ይህን አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትዞር ደግመን ወጣን። አሁንም ወደ ምሥራቅ። የጥያቄዎ መልስ ይኸው ነው፤ በውስጣቸው ሰዓት አለ ይላሉ ዶክቶራ። ፀሐይ በየሰዓቱ የት እንደምትሆን ያውቃሉ፣ ከእሷ ላይ ቀንሰው መንገዳቸውን ያወጣሉ። ሌሊት በጨረቃ እንዲሁ። ደመና ሲሆን ደግሞ የአሸዋውን ቁልቁለት በእግራቸው ይለካሉ፤ ከኋላቸው የተራራውን ጥቁረት ያያሉ።

ከዚያ ዶክቶራ ፀሐይዋን በሰሌዳ ከለሉና ለእኔ መስተዋት ሰጡኝ። በሌላ በኩል ሆኜ ብርሃኑን ሳህኑ ላይ እንድጥል ነገሩኝ። ጋሼ፣ ሁሉም ባንዴ ዞሩ። ወደ ነጭ ዓባይ በኩል፣ ወደ ምዕራብ መዝለል ጀመሩ። መስተዋቱን ስጥለው ዶክቶራ አልተቆጡኝም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን እዚሁ ካርቱም ሳጥን ውስጥ የተፈለፈሉት ነገር ነው። ባሕር አይተው አያውቁም፤ ማዕበል አልሰሙም። ሳህኑ ላይ ሲደፉ እነሱም ወደ ምሥራቅ ይሄዳሉ። «ከእናታቸው የወረሱት ነው» አሉኝ ዶክቶራ።

ይስማው ሰላም ይላችኋል።
ልጅዎ ትርንጎ


አይከል
መጋቢት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለትርንጎ፤

ደህና ነሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ትልሻለች።

የጻፍሽልኝን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ለዶክቶራ ምስጋናዬን አድርሺ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ፎቶው ይቅር። ስልኩም ይቅር። ከይስማው እጅ የወጣ አንድ መስመር ብቻ ላኪ። ምንም ይሁን፤ ስሙን ብቻም ቢሆን ግድ የለም። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ «ለ»ን ወደ ግራ አጋድሞ እንደሚጥላት አውቃለሁ። እናትሽ «ድምፅ ይቅርብኝ፣ እጁን ካየሁ ይበቃኛል» ብላለች።

አደራሽን።
አጎትሽ ጥጋቡ


ካርቱም፣ ዐማራት
ሚያዝያ 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ጥጋቡ፤

የፋሲካ በዓል እየደረሰ ነውና እንኳን አደረሳችሁ።

የጠየቁኝን በዚህ ወረቀት መሐል አድርጌ ልኬያለሁ። ይስማው ከባሕር ዳር የላከው ነው። ወረቀት አጥሮት በቁራጭ ነው የጻፈው፤ አይቀየሙት። ለእማዬ ያንብቡላትና በእጇ ያስይዟት።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ባለፈው ወረቀትዎ እማዬ ስለ ሑዳዴ ምንም አላለችም። በየዓመቱ «ዓሣ በላሽ እንዳልሰማ» ሳትለኝ አልፋ አታውቅም። ተቀይማኛለች? ሳሏስ?

ልጅዎ ትርንጎ

(በቁራጭ ወረቀት፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት፦)
ዛሬ ሁሉም ወደ ምሥራቅ ሄዱ። ነፋሱ መልካም ነው።


አይከል
ግንቦት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ትርንጎ፤

በሕይወት አለሽ? የካርቱምን ጦርነት በሬዲዮ ከሰማን አርባ አራት ቀን ሆነን። ዐማራት የሚል ቃል በተጠራ ቁጥር ጆሮዬን እይዛለሁ። እትዬ ለምለም ወረቀትሽን ያመጣችልኝ ባለፈው ሳምንት ነው፤ ገዳሬፍ ላይ ታግታ ከርማ። ይህንንም ይዛ መመለሷ ነው። እንዲህ ያለች ሴት አላየሁም።

ቁራጯን አየኋት። «ለ»ዋ ወደ ግራ አጋድላለች። የእሱ ናት።

ወረቀቷን ገልብጬ ጀርባዋን አየሁ። «መስከረም 9» ይላል። ቀኑ ካለፈ ስምንት ወር አልፎታል። ምንም አልጠይቅሽም። ማወቅ የፈለግሁትን ያህል አውቄያለሁ።

አሁን የምለምንሽ ሌላ ነው። ውጪ። ሰው ሁሉ በመተማ እየገባ ነው። ልብስሽን፣ ዕቃሽን ትተሽ ነይ። እናትሽ ሰላም ትልሻለች።

አጎትሽ ጥጋቡ


ሐጅ ዩሱፍ
ሐምሌ 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ጥጋቡ፤

ይህን ለእማዬ አያንብቡላት። ለብቻዎ ይሁን።

ቀኑን ካወቁት ሌላውን ልንገርዎ። መስከረም ላይ ዶክቶራ ለዕቃ ፖርት ሱዳን ሄደው፣ ይስማውን ባሕር ዳር ድንኳኑ ውስጥ ትተውት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ ሳጥኖቹ በሥርዓት ታሽገው፣ ደብተሩ ከላይ ተቀምጦ አገኙ። እሱ የለም። ዓሣ አጥማጆቹ ነገሯቸው። ወደ ሳዑዲ ሰው የምታሻግር ጀልባ ዳርቻው ላይ ቆማ ነበር፤ አሥራ ስድስት ሰዎች ተሳፍረዋል። ጀልባዋ ስትነሣ ሱሪውን ሰብስቦ በውኃው እየሮጠ ደርሶ ተንጠለጠለ። አሥራ ሰባተኛ ሆነ። ከአሥራ ሰባቱ እስከ ዛሬ የአንዱም ስልክ አልጮኸም። ለእናንተ የላክሁት መስመር የደብተሩ መጨረሻ ገጽ ነው። በመቀስ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ዶክቶራ ሞተ ብለው አያውቁም። ማዕድ ሲቀርብ ሦስት ሳህን ነበር የሚያወጡት። እኔም ያንሡት አላልኳቸውም።

በቅዳሜ ሹር ጠዋት ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ተኩሱ ጀመረ። የእንግዳ ክፍሉ መስኮት ሲረግፍ ሳጥኖቹን ወደ በረንዳው አወጣን። ጎረቤቱ ሁሉ ሲወጣ ዶክቶራ እምቢ አሉ፤ ልጁ ቢመጣ ቤቱን ተዘግቶ ያገኘዋል አሉ። እኔም ቀረሁ፤ ለእሳቸው ብዬ ብቻ አይደለም። ይስማው በር ሲያንኳኳ በጣቱ ሁለቴ መትቶ፣ ቆይቶ አንዴ ይጨምራል። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ጥይቱ እንደ በረዶ ሲወርድ፣ ያንን ማንኳኳት ሰማሁ። ሮጬ ከፈትኩ። መንገዱ ባዶ ነበር። ዶክቶራ ከኋላዬ ቆመው «መጣ?» አሉኝ። እሳቸውም ሰምተዋል ጋሼ። ሁለታችንም ሰምተናል።

ውኃ ሲጠፋ ከድርሻቸው ላይ በየቀኑ አንድ ኩባያ ለአሸዋው ያፈሱ ነበር። ጮህኩባቸው። «እኛ ነን ያመጣናቸው» ብቻ አሉኝ። የስኳር መድኃኒታቸው ሰኔ ላይ አለቀ። ሐምሌ 11 ቀን ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳሉ አልተነሡም። መቃብር ድረስ የሚሄድ ስላልነበረ ከመንገዱ ማዶ ያሉ ሁለት ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ቀበሩልኝ።

ከቤቱ ልወጣ ስል ሳጥኖቹን ከፈትኩ። ለነፍሳቱ ውኃ መስጠት ከተውኩ ሳምንት ሆኖኝ ነበር። አሸዋው እንደ ዱቄት ሆኗል። መሐሉ ባዶ ነው፤ በሁሉም ሳጥን ውስጥ በምሥራቁ ግድግዳ ሥር ተከምረው ደርቀዋል። አንድም ወደ ሌላ የሄደ የለም።

ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ እትዬ ለምለም ቤት ገባሁ። ነይ ይሉኛል። አልመጣም ጋሼ። ዶክቶራ ዘንድ አስገብቼው፣ ባሕር ዳር ያደረስኩት እኔ ነኝ። እማዬ «የታለ?» ስትለኝ ምን እላታለሁ? ያለ እሱ ፊቷ ከምቆም እዚሁ የመጣው ይምጣ።

ትርንጎ


አይከል
ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ትርንጎ፤

ይህን ወረቀት ብቻሽን አታንብቢው። እትዬ ለምለምን ጥሪያትና አጠገብሽ ትቀመጥ። የምጽፈውን እሷ ታውቀዋለች።

ጠርተሻታል?

መርዶ በወረቀት አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ እጅሽን ይዞ ነው የሚነግርሽ። እኔ ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ነውር ሠርቼ አላውቅም። ግን ያንቺ ወረቀት በመንገዱ መዘጋት ሁለት ወር ቆይቶ ሲደርሰኝ፣ እዚያ ያሰረሽ ምን እንደሆነ አየሁ። ዝም ብል የምገድልሽ እኔ ነኝ።

እናትሽ የለችም። የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት፣ ረፋድ ላይ አረፈች። ሳሉ ነው። ሐኪም ቤት ወስደናት ነበር። ከዚያ ወዲህ «ሰላም ትልሻለች» እያልኩ የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ። አንቺ ከሞተ ሰው ሰላምታ ትልኪልኛለሽ፣ እኔ ከሞተ ሰው እመልስልሻለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

አሁን የምነግርሽን በደንብ ስሚኝ። ታውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ወረቀትሽ ጀምሮ ታውቅ ነበር። «ይስማው ጉልበቴን አይስምም፤ ይህን ሰላምታ የሠራችው ልጄ ትርንጎ ናት» አለችኝ፣ ሲመሽ ለብቻችን ሆነን። እኔ ተቆጣሁ፤ ልጻፍላትና ልጠይቃት አልኩ። «ተው» አለች። «እኔን ለማቆየት ብላ ነው ብቻዋን የተሸከመችው። ስትመጣ ተሸክማልኝ ለከረመችው እኔው ራሴ አቅፌ አመሰግናታለሁ፤ አንተ አትንካት።» የእጁን ጽሕፈት የጠየቀችው በመጨረሻዋ ሳምንት ነው። ቁራጯ ስትደርስ ሦስት ወር አልፏታል። አደራ ነውና መቃብሯ ድረስ ሄጄ፣ ማንም አለመኖሩን አይቼ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

እንግዲህ እዚህ የምታፍሪው ሰው የለም። «የታለ?» የሚልሽ የለም። የይስማውን ነገር ለማንም አልተናገርኩም፤ ለቅሶውን አንቺ ሳትኖሪ አልጀምርም። ስለ እናትሽ ብለሽ ውጪ።

ጥጋቡ


መተማ ዮሐንስ
ኅዳር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ጥጋቡ፤

ወረቀትዎን እስከ መጨረሻው ያነበበችልኝ እትዬ ለምለም ናት። «ጠርተሻታል?» ከሚለው በኋላ ዓይኔ አልሠራልኝም። የሀገር ሴቶች ጠራችልኝ፤ ሦስት ቀን አለቀስን። ከባድ መሣሪያው ሲጮህ ዝም እንላለን፤ ሲያቆም ካቆምንበት እንቀጥላለን። ነውር ሠራሁ አይበሉ። ጭካኔ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ነበርኩ።

ለምለም ገዳሬፍ ድረስ ሸኘችኝ፤ እሷ እዚያ ቀርታለች። ዛሬ ጠዋት ድንበሩ ላይ ስም የሚመዘግበው ልጅ ቀና ሳይል «ስንት ናችሁ?» አለኝ። «ሁለት» አልኩት። ቀና ብሎ ከኋላዬ አየ፤ እኔም ዞሬ አየሁ። ከዚያ «አንድ ነኝ» አልኩት፤ ሰርዞ ጻፈው።

ነገ መኪና ከተገኘ እመጣለሁ። ሰው ይዘው መንገድ እንዳይወጡ፤ ብቻዎን ይቀበሉኝ። የእማዬ ለቅሶ አልፏል፣ ተዝካሩም ወጥቷል ይሉኝ ይሆናል። ለእኔ ግን ገና ነው። ድንኳኑ አንድ ይሁን፤ ስማቸው ለየብቻ ይጠራ፣ መጀመሪያ የእሷ።

አስከሬን የለም፣ ለእሱ ምን ተይዞ ይለቀሳል የሚል እንዳይኖር፣ ባሕር ዳር ከመውረዱ በፊት በነበረው ቀን ያወለቀውን ሸሚዝ ይዤ መጥቻለሁ። አላጠብኩትም።

ትርንጎ